ከታክሲ የወደቀ ሰው ካሳውን የሚያጣው የት ላይ ነው?

ሜክሲኮ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ጠብቃችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሰልፉ ተጠማዝዞ አስፋልት ይነካል። ታክሲው ገና ሳይቆም ሰው በሩን ይይዛል። ረዳቱ ግማሽ አካሉን ውጭ አድርጎ «ሳር ቤት! ሳር ቤት!» ይላል። የገባው ይገባል፤ ያልገባው ይቀራል። መውረዱም እንደ መውጣቱ ነው፤ ጥድፊያ።

ጎረቤታችን የወደቁት እዚያ ነው። ዕድሜያቸው 60ን ተሻግሯል። መርካቶ ውስጥ በርበሬና ቅመም ይቸረችራሉ። «ወራጅ አለ» ብለው ተነሡ። አንድ እግራቸው መሬት ነክቶ ሌላው ገና ደረጃው ላይ ሳለ ረዳቱ ጣሪያውን መታ። ሹፌሩ ነዳ። ዳሌያቸው ተሰበረ።

ሹፌሩና ረዳቱ ጥለዋቸው አልሸሹም። ደንግጠው፣ እያለቀሱ ማለት ይቻላል፣ በዚያው ታክሲ ጭነው ሆስፒታል አደረሷቸው። ይህ ሊነገርላቸው ይገባል። ግን ታክሲው ከቦታው ሲነሣ ማስረጃውም አብሮ ተነሣ። ትራፊክ ፖሊስ አልመጣም። የአደጋው ቦታ ንድፍ፣ ፕላን የሚባለው፣ አልተነሣም። በዚያን ሰዓት ይህ ለማንም ትዝ አላለውም፤ ለእሳቸውም፣ ለልጃቸውም፣ ስልክ ተደውሎልኝ ለሄድኩት ለእኔም።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሽማግሌዎች አልጋቸው አጠገብ ቆሙ። «እማማ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። ልጁ የልጆች አባት ነው። መንጃ ፈቃዱን ቢነጠቅ ቤተሰቡ ይራባል። ለሕክምና የሚሆን ትንሽ ነገር ይዘናል፤ እዚህች ላይ ይፈርሙልን» አሉ። እሳቸውም ሆዳቸው ራራ። አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ሕጉን ሳገላብጥ፣ ሰው ስጠይቅ፣ ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ስመላለስ ከረምኩ። አንድ ነገር እየጠራልኝ ሄደ። በሕዝብ ትራንስፖርት የተጎዳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ዳኛ ፊት አይደለም። ከዚያ በፊት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት፣ መያዝ ያለበትን ወረቀት ሳይዝ ወይም መፈረም የሌለበትን ፈርሞ። ሕጉም ጉድለት አለው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። የቀኖቹ ጉዳይ ግን በእጃችን ስለሆነ ይበልጥ ያንገበግበኛል።

ማን ነው የሚጠየቀው?

ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ የሚታየን ሹፌሩ ነው። ሹፌሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መኪናው የእሱ አይደለም። በቀን ለባለቤቱ የሚያስገባው ሂሳብ አለበት። ነዳጁን ይችላል። የተረፈው የእሱና የረዳቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከሰህ ብትረታም ምን ትቀበለዋለህ? ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ግን ዓይኑን የጣለው ባለንብረቱ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሲነዳ የነበረው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ይጠየቃል። መኪናው ተሰርቆ ከነበረ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቁጥር 2086 ደግሞ ይህን ያጠብቀዋል። ባለቤቱ «እኔ ጥፋት የለብኝም»፣ «አደጋው በምን እንደደረሰ አይታወቅም» ብሎ አያመልጥም። የሚያድነው የተጎዳው ሰው ራሱ ያጠፋው ጥፋት ነው፤ ያም በሙሉ ወይም በከፊል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነዳ?» ሳይሆን «ሊብሬው በማን ስም ነው?» የሚለው ነው። ታርጋው ካለ ባለንብረቱ ከአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ይገኛል። በከተማችን ግን መኪና በውክልና ብቻ ከሰው ሰው እየተላለፈ፣ ሊብሬው በቀድሞ ባለቤት ስም የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ክስ ያጓትታል። ቢሆንም መነሻው ሊብሬ ላይ ያለው ስም ነው። እሱ «ሸጬዋለሁ» ካለ የሸጠለትን ሰው ያምጣ።

የከተማ አውቶቡስ ከሆነ በዚህ በኩል ይቀላል። ተከሳሹ የታወቀ ድርጅት ነው፤ አድራሻው አይጠፋም። የሚያስፈልጋችሁ የጎን ቁጥሩ፣ መስመሩና ሰዓቱ ነው። ትኬቷን አትጣሏት። ያቺ ብጣሽ ወረቀት በዚያ ቀን በዚያ አውቶቡስ እንደተሳፈራችሁ የምትመሰክር ናት። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች በሚሄደው ቀላል ባቡር ለሚሳፈርም ያው ነው። ጣቢያውን፣ አቅጣጫውንና ሰዓቱን መዝግቡ፤ ቲኬቱን አስቀምጡ።

ውስጥ የተቀመጠውና ውጭ የቆመው

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ።

አንድ ሚኒባስ ለገሃር አካባቢ መንገድ ስቶ ወጣ እንበል። የእግረኛ መንገድ ላይ የቆመች ልጅ ገጨ። ውስጥ የተቀመጠ አንድ መንገደኛም እጁ ተሰበረ። መኪናው አንድ ነው። ሹፌሩ አንድ ነው። ጥፋቱም አንድ ነው። ሁለቱ ተጎጂዎች ግን በአንድ ሕግ አይዳኙም።

ልጅቷ ከባለንብረቱ ጋር ውል የላትም። ስለዚህ ከላይ ባነሣሁት ከውል ውጭ ኃላፊነት በሚባለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍል ትጠይቃለች። መርሁ ግልጽ ነው፤ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። መንገደኛው ግን ሒሳብ ከፍሏል። ሒሳብ መክፈል ማለት ውል ማለት ነው። ወረቀት ባይኖርም፣ ማንም ባይፈርምም፣ ለረዳቱ የሰጣት ብር የማጓጓዣ ውል ፈጥራለች። ውል ካለ ደግሞ የሚሠራው የንግድ ሕጉ ስለ መንገደኛ ማጓጓዝ የሚለው ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም ይህ ክፍል የ1952ቱ እንዳለ ነው። በዚያ ሕግ አጓጓዡ ለአንድ መንገደኛ የሚከፍለው ካሳ ከ40,000 ብር አይበልጥም።

40,000 ብር በ1952 ትልቅ ገንዘብ ነበር። ያኔ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ወደ 16,000 ዶላር ማለት ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች መንገደኛውን ለመጉዳት አልተነሡም። ጊዜው ነው የጎዳው። ብር በ2016 ሐምሌ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህማ ልዩነቱን ማንም በገበያ ያየዋል። ዛሬ በግል ሆስፒታል አጥንት ያስጠገነ ሰው 40,000 ብር የት እንደሚያደርስ አይጠፋውም። ይህ ጣሪያ መነሣት ወይም መሻሻል አለበት። ሌላ መንገድ አይታየኝም።

እስከዚያው ግን ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው እዚያው ሕግ ውስጥ ነው። አጓጓዡ ወይም ሠራተኛው ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ካደረገው በጣሪያው ሥር መጠለል አይችልም። በር ከፍቶ መንዳት፣ ሰው እየወረደ ሳለ መንቀሳቀስ፣ የፍሬን ችግር እንዳለ እየታወቀ መሥመር መውጣት ምን ይባላል? እኔ ጠበቃ ብሆን በዚህ ላይ አጥብቄ እከራከር ነበር። ለዚህም ነው ምስክር ሲሰጥ «ወደቀች» ብቻ ሳይሆን «በሩ ተከፍቶ ነበር»፣ «ቁም እያልነው ነዳ» የሚለው መነገር ያለበት። አንዷ ዓረፍተ ነገር ብዙ ገንዘብ ታወጣለች።

ሁለተኛው በር ሌላኛው መኪና ነው። ሁለት ተሽከርካሪዎች ተጋጭተው ከሆነ መንገደኛው ከሌላው መኪና ባለቤት ጋር ምንም ውል የለውም። ስለዚህ እሱን ያለ ጣሪያ መጠየቅ ይችላል። ግጭት ሲሆን ሕጉ ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ሁለቱም መኪኖች ለአደጋው እኩል እንዳዋጡ ይቆጥራል። ብዙ ተጎጂዎች የተሳፈሩበትን ታክሲ ብቻ ሲያሳድዱ ሌላውን ረስተውት ይቀራሉ።

«ትርፍ ሆኜ ነው የተጫንኩት፤ መብት ይኖረኛል?» የሚል ሰውም ገጥሞኛል። ይኖርሃል። የተጎጂው ጥፋት ካሳ ሊቀንስ ይችላል፤ ተከሳሹም ይህን ማንሣቱ አይቀርም። ግን «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ የጫነው ረዳቱ ነው። ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ለመግባት የቆመ ሰው ምን ምርጫ ነበረው? ይህን ለዳኛ ማስረዳት ይቻላል።

የመስተዋቱ ስቲከር

እያንዳንዱ ታክሲ ፊት መስተዋት ላይ የተለጠፈች ስቲከር አለች። የሦስተኛ ወገን መድን ናት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለዚህ መድን መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። አዋጁ ሲወጣ ለሞትም ለአካል ጉዳትም ጣሪያው 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና 2,000 ብር ተብሎ ነበር። የሚቆጠረው አደጋው በደረሰበት ቀን ሥራ ላይ የነበረው ጣሪያ ስለሆነ መድን ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁት። መንገደኛ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ። ባለንብረቱ ከዚህ ግዴታ ሌላ የመንገደኞች ኃላፊነት የሚባል ሽፋን ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የለም።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት አለ። የመድኑ ጣሪያ መድን ድርጅቱ የሚከፍለውን ነው የሚወስነው። ባለንብረቱ ያለበትን ዕዳ አይወስንም። የእግረኛ መንገድ ላይ የተገጨችው ልጅ ጉዳቷ ከመድኑ ከበለጠ ትርፉን ከባለንብረቱ ትጠይቃለች። «ኢንሹራንሱ ይህን ብቻ ነው የሚከፍለው» ሲባል ጉዳዩ አልቋል ብሎ የሚሄደው ሰው ብዛቱ ያሳዝናል።

መኪናው ገጭቶ ቢያመልጥስ? መድን ባይኖረውስ? ለዚህ የመድን ፈንድ አለ። ዛሬ የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና የመድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ያልታወቀ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ የገደለው ወይም አካሉን የጎዳው ሰው ካሳ የሚጠይቀው እዚያ ነው። በፖሊስ የተመዘገበ አደጋ ካልሆነ ግን ለማስረዳት ያስቸግራል። እንደገና ወደ ወረቀት ተመለስን።

የድንገተኛ ሕክምናው ነገርም አይረሳ። የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው ወደ የትኛውም ጤና ተቋም ሲወሰድ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ በአዋጁ እስከተወሰነው መጠን ድረስ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። «መጀመሪያ አስይዙ» ሲባል ይህን አንሡ። ደም እየፈሰሰው በር ላይ ገንዘብ የሚቆጠርበት ሰው ሊኖር አይገባም።

ቀኖቹ

ጎረቤታችን ከወደቁ በኋላ ባሉት ቀናት ምን መደረግ ነበረበት? ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ይቆጨኛል።

ታክሲው ባይነሣ ጥሩ ነበር። ግን ሰው እየተጎዳ ፕላን ይነሣ ተብሎ አይጠበቅም። ነፍስ ይቀድማል። አምቡላንስ ለመጥራት የቀይ መስቀሉ 907 አለ፤ ፖሊስ 991 ነው። መኪናው መነሣቱ ግድ ከሆነ አንድ ሰው ቆም ብሎ ታርጋውን፣ መኪናው የቆመበትን ቦታና በሩን ፎቶ ቢያነሣ ይበቃል። ስልክ የሌለው የለም። አብረው ከተሳፈሩት የሁለት ሰው ስልክ ቁጥር መቀበል ደግሞ ከፎቶውም ይበልጣል። ምስክር በሳምንቱ አይገኝም። ታክሲ ውስጥ አብሮህ የነበረ ሰው ከወረደ በኋላ አዲስ አበባ ትውጠዋለች።

እኛን ያዳነችን አንዲት ተማሪ ናት። አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ደንግጣ ወርዳ ታርጋውን ደብተሯ ጀርባ ላይ ጻፈች። ከዚያ ሆስፒታል ድረስ አብራ ሄደች። ስልኳን ለልጃቸው ሰጠች። ማንም አላዘዛትም። ያ ደብተር ባይኖር ዛሬ የምንከሰው ሰው አይኖርም ነበር።

ፖሊስ ቦታው ላይ ባይመጣም አደጋው በደረሰበት ክልል ያለ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማመልከት ይቻላል። በማግሥቱም፣ ከሦስት ቀን በኋላም። በዘገየ ቁጥር ጥያቄው ይበዛል እንጂ በሩ አይዘጋም። የትራፊክ ሪፖርቱ ከተዘጋጀ በኋላ ኮፒውን ጠይቁ፤ ስሞቹና ታርጋው በትክክል መጻፋቸውን እዩ። አንድ ፊደል ስትሳሳት መድን ድርጅት ለወር ያመላልሳል።

ሆስፒታል ደግሞ የመጀመሪያው ካርድ ላይ ሐኪሙ «ወድቃ» ብሎ ብቻ እንዳይጽፍ ንገሩት። «ከታክሲ ስትወርድ ታክሲው ተንቀሳቅሶ ወድቃ» ይባል። ቤት ውስጥ ወድቆ የመጣና ከታክሲ የወደቀ ሰው በዚያ ካርድ ላይ አንድ ዓይነት ከመሰሉ በኋላ ለመለየት ይከብዳል። የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የራጅ፣ የላዳ፣ የክራንች፣ ሁሉም በአንድ ፌስታል ይሰብሰብ። ሕክምናው ሲያበቃ ጉዳቱ ቋሚ ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ ይወስናል። ያ የቦርድ ወረቀት የካሳው መሠረት ነው። ከእሱ በፊት ገንዘብ ላይ መነጋገር ያልበሰለ ነገር መቁረጥ ነው።

ስለ ሽምግልናው

ሽምግልናን የሚጠላ ሰው አይደለሁም። ሁለት ድሃ ቤተሰቦች ፍርድ ቤት ሳይጓተቱ ቢታረቁ ደስ ይለኛል። ሹፌሩም ሆን ብሎ አላደረገውም። ግን እርቅ ሁለት ነገር ይዟል፤ ይቅርታና ካሳ። ሽማግሌ ሲመጣ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ጠቅልሎ ያመጣቸዋል። እዚያ ላይ ነው መጠንቀቅ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ የእርቅ ስምምነትን አክብዶ ነው የያዘው። በቁጥር 3312 መሠረት በስምምነት የተቋጨ ጉዳይ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው። «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ብሎ የፈረመ ሰው በሁለተኛው ወር ሌላ ኦፕሬሽን ቢታዘዝለት ማን ይሰማዋል? አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሕመም ማስታገሻ ወስዶ፣ ስንት እንደሚያወጣ ሳያውቅ ነው የፈረመው። ወረቀቱ ግን ይህን አይናገርም።

ስለዚህ ገንዘቡን ተቀበሉ፤ ለሕክምና ያስፈልጋል። የምትፈርሙት ወረቀት ግን «ለሕክምና ወጪ ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ» ይበል፤ ከዚያ አይለፍ። ይቅርታውንም ስጡ። ሹፌሩን ይቅር ማለትና ባለንብረቱን ካሳ መጠየቅ አይጣሉም። ማንበብ የማይችል ሰው ከሆነ ደግሞ ልጁ ወይም የሚያምነው ሰው አንብቦለት ይፈርም እንጂ ሽማግሌው ያነበበለትን ብቻ ሰምቶ አይፈርም።

የወንጀሉም ነገር ከካሳው ለየብቻ ይታይ። በቸልተኝነት ሰው የጎዳ ሹፌር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይጠየቃል፤ ያ የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ቢባል እንኳ የካሳ ክሱ አብሮ አይወድቅም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ አይታሰርም። ብዙ ሰው «ነጻ ወጣ» ሲባል ቤቱ ይገባል።

አንድ የተለየ ጉዳይ ላንሣ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ሆናችሁ በድርጅቱ ሰርቪስ ወደ ሥራ ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ ከተጎዳችሁ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ እንደደረሰ አደጋ ይቆጠራል። ድርጅቱ ለሠራተኛው የተከራየው መኪናም ቢሆን ያው ነው። ያኔ አሠሪያችሁም ይጠየቃል።

ደሞዝ የሌለው ሰው ገቢ

ካሳ ሲሰላ ሦስት ነገር ይታያል። የወጣው ወጪ፣ የቀረውና ወደፊት የሚቀረው ገቢ፣ ከዚያም የኅሊና ጉዳት።

የኅሊናውን ቶሎ ልለፈው፤ ስናገረው ይከብደኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 ጣሪያው 1,000 ብር ነው። ልጁን በታክሲ አደጋ ያጣ አባትም ቢሆን 1,000 ብር። ከ1952 ጀምሮ አልተነካም።

የገቢው ግን ሰፊ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የደሞዝ ደብዳቤ ያመጣል። በርበሬ ቸርቻሪ ምን ታመጣለች? ጎረቤታችን ንግድ ፈቃድ የላቸውም፤ የሒሳብ መዝገብም የላቸውም። ሕጉ ግን እንዲህ ያለውን ሰው አልረሳም። ቁጥር 2102 የጉዳቱ መጠን በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን፣ ይወስናል ይላል። ዳኛው የሚይዘው ነገር ካገኘ ማለት ነው። የእቁብ ደብተር አላቸው። በየሳምንቱ የጣሉት፣ ስም በስም፣ ለዓመታት ተጽፏል። በርበሬ የሚያከፋፍሏቸው ነጋዴ አሉ። አጠገባቸው የሚሸጡ ሴቶች አሉ። በየሳምንቱ እቁብ የጣለ ሰው ከዚያ በላይ ያገኝ እንደነበር ማን ይክዳል? አብዛኛው የከተማችን ሰው የሚኖረው በዚህ ዓይነት ገቢ ስለሆነ ይህን ማስረጃ ወደ ፍርድ ቤት ማምጣት ልንለምድ ይገባል።

ጠበቃው ከየት ይምጣ?

በወንጀል የተከሰሰ ድሃ ሰው መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ሊያቆምለት ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ ላይ አለ። ተጎድቶ ካሳ ለሚጠይቅ ድሃ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና አልተጻፈለትም። ሹፌሩ ጠበቃ ሊኖረው፣ የወደቁት እናት ላይኖራቸው ይችላል።

ያሉትን መንገዶች ልንገራችሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዛል። በ2013 የወጣው የጥብቅና አዋጅም የጠበቆች ማኅበር አቋቁሟል። እኔ ያ ማኅበር ልደታ ፍርድ ቤት ግቢ አንድ ጠረጴዛ ዘርግቶ የመኪና አደጋ ተጎጂዎችን በሳምንት አንድ ቀን ቢያስተናግድ ደስ ይለኛል። አንድ ጠረጴዛና የሚሰማ ሰው። ብዙ አይደለም።

ለግል ጠበቃ ከሄዳችሁ ብዙዎቹ ከሚገኘው ገንዘብ በመቶኛ ይስማማሉ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። መቶኛው ከምን ላይ እንደሚታሰብ፣ ይግባኝ ቢኖር ምን እንደሚሆን፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ ይጻፍ።

ክስ ለመክፈት የዳኝነት ክፍያ አለ፤ የሚጠየቀው ገንዘብ ሲበዛ ክፍያውም ይበዛል። የሚያስፈራው ይህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ግን ከቁጥር 467 ጀምሮ መክፈል የማይችል ሰው ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። በደሃ ደንብ መክሰስ ይባላል። ከወረዳ የአቅም ማነስ ማስረጃ ይዞ፣ ስላለው ንብረት ቃል ሰጥቶ ያመለክታል። ልደታ ደጃፍ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ይህን ሲነግረኝ ለራሴ አላመንኩም ነበር። ገብቼ ሕጉን አየሁት፤ አለ።

ጊዜው? ከውል ውጭ ላለው ክስ ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀልም ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደቡ፣ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል። በዚያ ላይ ግን አትመኑ። መንገደኛም ሁኑ እግረኛ፣ የቦርድ ወረቀቱ እጃችሁ እንደገባ ሂዱ። ዋጋው እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሆነ ክስ የሚጀመረው በፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው።

ጎረቤታችን ያተሙበትን ወረቀት ልጃቸው ከሹፌሩ ለምኖ ፎቶ አንሥቶ አመጣው። በነጻ ያማከረን ወጣት ጠበቃ መጀመሪያ የጠየቀው እሱን ነው። ሁላችንም ልባችን ተሰቅሎ ጠበቅነው። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ለመታከሚያ የሚሆን ብር ተቀብያለሁ» ይላል። ሌላ ነገር የለውም። ሽማግሌዎቹ ያላወቁት ይሁን ያዘኑላቸው፣ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የምትለው መስመር አልተጻፈችም።

ቦርድ የሚቀርቡት በመጪው ሳምንት ነው። ተማሪዋ ፈተናዋን ስትጨርስ ቃሏን ለመስጠት ፖሊስ ጣቢያ እንደምትመጣ ነግራናለች። ደብተሩን ይዛ።